ቅቡር እንደራሴ

ጎረቤቶቼ «ጠርጣሪዋ ጫልቱ» ይሉኛል። ፊት ለፊት የሚለኝ የለም፤ ግን ለቡ ላይ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የማይሰማው ነገር የለም። ሚስማር ሊገዛ የገባ ሁሉ የሰፈሩን ሐሜት ጥሎ ነው የሚወጣው። ስሙን አልጠላሁትም። በውሃ የቀጠነ ቀለም የሚያመጣ አከፋፋይና የሰው ግቢ በዓይኑ የሚለካ ደላላ ባለበት ሰፈር ሳይጠረጥሩ ውሎ መግባት ከባድ ነው። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ይባል የለ? እኔ ከገንፎው በፊት ስንጥሩ ነው የሚታየኝ።

ደግሞም የወረስኩት ነው። ቤተሰባችን ከተማው ሳይደርስበት ጀምሮ እዚሁ የኖረ የገበሬ ቤተሰብ ነው። ዛሬ ከእርሻው የቀረን ሱቄ፣ ከጀርባው ያለው ግቢና ሁለት ላሞች ናቸው። በዚህ ግቢ ሳድግ አንድ ነገር እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ አያቴን ነገዎን ከመሬቱ ያስነቀለው አባቴ ወደ ቤት ያመጣው እንግዳ ነው።

በንጉሡ ዘመን አያቴ ጭሰኛ ነበር። ባለመሬቱ የከተማ ሰው ናቸው፤ ራሳቸው አይመጡም፣ ወኪላቸውን ነው የሚልኩት። ሰዉ ወኪሉን «ምስለኔ» ይለው ነበር። አባቴ ዲሪባ ያኔ ከተማ እየሄደ ይማር ስለነበር፣ አንድ ወጣት አሜሪካዊ አስተማሪውን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት እያመጣ ያስተናግዳል። አንድ ዓመት ምርቱ ከዳቸውና አያቴ ለዘር ያስቀረውን እህል ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ ምሶ ቀበረው። ከቤተሰቡ ውጪ ጉድጓዱን ያየ ሰው አስተማሪው ብቻ ነው። ያ አስተማሪ «ዘንድሮን እንዲታገሣችሁ እኔ ልናገርላችሁ» ብሎ ምስለኔው ዘንድ ሄደ፤ ተናገረ፤ ምሳም ተጋበዘ። በማግስቱ የምስለኔው ሰዎች ዶማ ይዘው መጡ። ዘሩ ተወሰደ፣ ቤተሰቡ ተባረረ፣ አያቴም የሰው ደጅ ጠባቂ ሆኖ ክረምቱን ሳይሻገር ሞተ። መሬት ለአራሹ ከተባለ በኋላ ቁራሽ ተመለሰልን። አያቴ ግን እንደተሰደደ ቀረ።

አስተማሪውን መንገድ መርተው ምስለኔው ግቢ ድረስ የወሰዱት የአባቴ ታላቅ ወንድም ገመዳ ናቸው። አስተማሪው ስለ መቅበሩ ሲናገር አጎቴ በጆሯቸው ሰምተዋል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በአባቴ ቤት ውሃ እንኳ ቀምሰው አያውቁም። ቤታቸው መካኒሳ አቦ ነው፤ ሩቅ አይደለም። ለልቅሶ ይመጣሉ፣ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ምግብ መዞር ሲጀምር ይነሳሉ። እናቴ የሞተች ጊዜም እንዲሁ ነው ያደረጉት። አባቴ አንድ ቀን ተከራክሯቸው አያውቅም። «ያመጣሁት እኔ ነኝ» ይላል።

ይህን ሁሉ አስቀድሜ የነገርኳችሁ፣ ያን ቅዳሜ ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ እንድትረዱልኝ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ አንድ የማናውቀው ሰው ስለ አባቴ መጠየቅ ጀመረ። መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩን፣ ከዚያ የባጃጅ ልጆቹን፣ ከዚያ አትክልት የምትሸጠዋን ጎረቤቴን። «ዲሪባ የሚባሉ የድሮ ገበሬ አሉ? በሕይወት አሉ? ቦታቸው የት ድረስ ነው?» በእኛ ሰፈር የድሮ ገበሬ የሚፈልግ ሰው ገበሬውን ፈልጎ አይደለም። መሬቱን ነው። ለአባቴ ነገርኩት፤ የግቢውን በር ቀን በቀን መቆለፍ ጀመርኩ፤ የመጣ ሰው ካለ እንዳመመው እንዲናገርም አስጠናሁት። «ሳያመኝ አመመኝ ብዬ በራሴ ላይ ላሟርት?» ብሎ ተቆጣኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነጭ መኪና ሱቄ ፊት ለፊት ቆመ። መጀመሪያ የወረደው ጠያቂው ሰውዬ ነው፤ ጎልማሳ፣ ደረቱ ላይ የአስጎብኚ መታወቂያ ያንጠለጠለ። ሰለሞን እባላለሁ፣ ቤቴ ብስራተ ገብርኤል ነው አለኝ፤ እንደ ዘመድ። ከኋላው አንድ ረጅም ነጭ ሽማግሌ በከዘራ ተደግፈው ወረዱና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሰለሞን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትልቅ ሰው ናቸው እህቴ። በአሜሪካ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሕዝብ እንደራሴ የነበሩ» አለኝ።

አባቴ ድምፅ ሰምቶ ይሁን መኪናውን አይቶ፣ በሱቁ ጓሮ በር ብቅ ብሏል።

«ማን ነኝ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እንደራሴ ነው የሚሏቸው አባዬ።»

«እንደ ራሴ…» ቃሉን አፉ ውስጥ አገላበጠው። «ምስለ እኔ… ያው ምስለኔ ነዋ። ከዚህ ግቢ ደግሞ ምን ቀራቸው?»

ሰለሞን ምክር ቤት፣ ምርጫ ምናምን እያለ ሊያስረዳ ሲጀምር ሽማግሌው ራሳቸው አንድ እርምጃ ቀረቡ። በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየለዩ፣ «ቅቡር ዲሪባ» አሉ። «ቀተማው በጣም አድጓል።»

እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ነው። ቅቡር! ሰማንያ ሊሞላው ትንሽ የቀረውን አባቴን በገዛ ደጁ ቆመው የተቀበረ ይሉታል። ደሜ ፈላ። ሰለሞንን ምን ማለታቸው ነው ብዬ አፈጠጥኩበት፤ አማርኛቸው የድሮ ነው፣ ይቅርታ አድርጊላቸው ብሎ አፈረ። አባቴ ግን እኛን አልሰማም። የሽማግሌውን ፊት እያየ የበሩን መቃን በእጁ ያዘ።

«ቲቸር» አለ።

ይኸው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሙ በቤታችን የማይጠራው ሰው በሚስማርና በቀለም ቆርቆሮ መሃል ቆሞ ነበር። ስማቸውንና የመጡበትን ግዛት አልጽፍም፤ እኛ ቤት መጠሪያቸው ቲቸር ብቻ ነው።

አባቴ አላባረራቸውም። ግቢ አስገብቶ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው። ግን «ውሃ አምጪ» አላለኝም። አባቴ ቆሻሻ ለሚወስዱት ሠራተኞች እንኳ ውሃ ሳያቀርብ የማይውል ሰው ነው፤ ያን ቀን ዝም ሲል ነገሩ ገባኝ። እኔም አላመጣሁም።

ሰለሞን የሽማግሌውን ታሪክ ተረከልን። ከኢትዮጵያ ሲመለሱ በትውልድ ከተማቸው ተመርጠው ጀመሩ፤ ከዚያ የግዛታቸው ምክር ቤት፣ ከዚያ ትልቁ ምክር ቤት። ስለ ገበሬ፣ ስለ እርሻ ሕግ ሲከራከሩ ነው ዕድሜያቸው ያለቀው። ሌሎቹ ሲወድቁ ሲነሱ እሳቸው እየተመረጡ ኖሩ፤ በመጨረሻ ጉልበታቸው እምቢ ሲል ተዉት። ሚስታቸው ሞተዋል። አሁን የሕይወት ታሪካቸውን መጽሐፍ እየጻፉ ነው። የመጡት አባቴን ለማየትና ከእኛ ጋር፣ ድሮ ቤቱ በነበረበት ቦታ፣ ፎቶ ለመነሳት ነው።

ሽማግሌው በመሃል በመሃሉ በእንግሊዝኛ ይጨምራሉ። የኮረብታውን ሣር፣ ቅዳሜ ማታ ነፋሱ ከአቦ በኩል ያመጣው የነበረውን የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ያስታውሳሉ። አባቴ መሬት መሬት ያያል።

ፎቶ የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። ፎቶ ለምን? የእኛ ፊት ለመጽሐፋቸው ምን ያደርግላቸዋል? ደንበኛ የመጣ አስመስዬ ወደ ሱቁ ገባሁና ከሰለሞን የሰማሁትን ስማቸውን ስልኬ ላይ ፈለግሁ። እውነትም ትልቅ ሰው ናቸው። ፀጉራቸው ጥቁር ሆኖ፣ ገብስማ ሆኖ፣ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የቆሙት ግን ሁልጊዜ ከድምፅ ማጉያ ኋላ ነው። አንዱን ቪዲዮ ከፈትኩ። የምርጫ ቅስቀሳ ነው። እንግሊዝኛዬ ብዙም አያኮራም፤ ያን ቪዲዮ ግን ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። ወጣት ሆኜ አፍሪካ ውስጥ አስተምር ነበር፣ ይላሉ። ጉልበተኛ ፊት ቆሜ መናገር ለማይችል አንድ ድሃ ገበሬ ተናገርኩለት፣ ይላሉ። ገበሬው መሬቱ ላይ ቀረ። የሕዝብ ተወካይ የሆንኩት ያን ቀን ነው። አዳራሹ ሙሉ ሰው ተነስቶ አጨበጨበ።

ሌላ ቪዲዮ ከፈትኩ፤ በሌላ ዓመት፣ በሌላ አዳራሽ፣ ያው ገበሬ። በአያቴ እያስጨበጨቡ ሲመረጡበት ኖረዋል።

ስልኩን ይዤ ተመለስኩና ፊታቸው ላይ ደቀንኩት። በሰባራ እንግሊዝኛዬ፣ ይህ ገበሬ በኋላ ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኋቸው። ፈገግ አሉ። መሬቱ ላይ ቀረ አሉ። ማን ነገረዎት አልኳቸው።

«ማንም» አሉ ቀስ ብለው፤ ሰለሞን ተረጎመ። «ምስለኔው ፈገግ ብሎ ጨበጠኝ፣ ምሳ ጋበዘኝ። ደህና የሄደ መሰለኝ። በዚያው ሳምንት ወደ አገሬ ተመለስኩ።»

ያኔ አባቴ ቀና አለ። በሕይወቴ ሙሉ በሰው አፍ የሰማሁትን ታሪክ ከራሱ አፍ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዶማ የያዙት ሰዎች ማሳውን አልፈው ቀጥታ ወደ ቤቱ ጓሮ እንደሄዱ፤ እናቱ ከመሬቱ ላይ የፈሰሰውን ዘር በቀሚሷ እየለቀመች እንዳለቀሰች፤ አባቱ ምንም ሳይል ኮርማውን ፈትቶ እንደሄደ ነገራቸው። ሰለሞን ሲተረጉም ማለሳለስ ጀመረ። እንዳለ ተርጉም አልኩት። እንዳለ ተረጎመው።

የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ። ስለ ጉድጓዱ ለማንም አልተናገርኩም፣ በፍጹም፣ እያሉ ደጋገሙ።

«ገመዳ በጆሮው ሰምቷል» አለ አባቴ።

እኔ በልቤ፣ ንግግር ነው እንጀራቸው፣ ዛሬም የሚሉት አያጡም አልኩ። ስለዚህ ማምለጫ የሌለው ነገር ጠየቅኋቸው። ያን ቀን ምስለኔው ፊት ያሉትን፣ በአማርኛ፣ ቃሉ ሳይለወጥ ይድገሙልን። ያስታውሱታል? አስታውሰዋለሁ አሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ ያጠኑት ዓረፍተ ነገር ነው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ነገዎ የቀበረ ገበሬ ነው።»

አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። «ይኸው» አለ። «ከአፉ ወጣ። ይኸው ነው፣ ወንድሜ የሰማው ይኸው ነው።»

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አንዴ አባቴን፣ አንዴ ሰለሞንን ያያሉ። ምን አጠፋሁ? አያትሽ ሰው የሚያከብረው ሰው ነው ነው ያልኩት፣ አሉ በእንግሊዝኛ። ሰለሞን፣ «የከበረ ማለታቸው ነው… የከበረ ገበሬ» አለ።

ሽማግሌው ነገሩ ገና ስላልገባቸው ቀጠሉ። ምስለኔው አንድ እንግዳ ጥያቄ ጠይቆኛል፣ እስከ ዛሬ አልረሳውም አሉ። «የት?» አለኝ። ሰው የት ነው የሚከበረው ተብሎ ይጠየቃል? እኔም «ቤቱ። ቤቱና ደጁ» ብዬ መለስኩለት። ሰውዬው ሳቀ።

የት ነው የቀበረው? ቤቱ። ቤቱና ደጁ። ዶማ የያዙት ሰዎች ማሳውን ትተው ወደ ቤቱ የሄዱት ለዚህ ነው።

ግን ጠርጣሪዋ ጫልቱ አይደለሁ? ይህን ያህል ዓመት ከድምፅ ማጉያ ኋላ የኖረ ሰው ሰበብ በቶሎ መፍጠር አያቅተውም። ወዲያው ደግሞ በር ላይ ያሉት ትዝ አለኝ። ቅቡር ዲሪባ። ቀተማው። ያንን ሲሉ ይህ ሁሉ ገና አልተነሳም ነበር። አንድ ጊዜ ልፈትናቸው ብዬ፣ ቅዳሜ ማታ ከአቦ በኩል ይሰማ ነበር ያሉት፣ ካህናቱ የሚመቱት ነገር በአማርኛ ምን ይባላል አልኳቸው።

«ቀበሮ» አሉ ሳያመነቱ።

ሰለሞን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ዞረ። በአቦ ማኅሌት ቀበሮ ሲመታ ታስቦት ይሆናል። እኔም በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እወድቅ ነበር። አባቴን ሳየው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ተመልሶ ተቀምጧል፤ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለ።

መጀመሪያ ሲመጡ «ቀ» ማለት አይችሉም ነበር። «ቀለም» ሊሉ «ከለም» ይላሉ፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ሲያፍሩ አሳዘኑት። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት ሲመጡ መንገዱን ሙሉ «ከጉሮሮህ አውጣው» እያለ አስጠናቸው። ቻሉ። ከዚያ በኋላ ግን እንዳይሳሳቱ ፈርተው የቃል መነሻ የሆነችውን «ከ» ሁሉ «ቀ» አደረጓት።

«አላረምኩትም» አለ አባቴ። «ያስቀኝ ነበር። ከአፉ እንዳትጠፋብኝ ተውኩት።»

ሽማግሌው ሰለሞን ሲተረጉምላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ተነሱ፣ ከዘራቸውን ተደገፉ፣ መናገር ጀመሩ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ የቪዲዮው ድምፅ ሆነ። ለቤተሰባችሁ የተሰማኝን ጥልቅ ኀዘን… በመጽሐፌ ውስጥ… ለሕዝቤም… ሰለሞን እየተከተለ ይተረጉማል። ግቢያችን አዳራሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። አባቴ እጁን አነሳ።

«ቲቸር፣ ያኔ ስለ እኛ ተናገርክ። ዛሬ ስለ ራስህ ትናገራለህ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ኮቴን አምጪልኝ። ገመዳ ዘንድ እንሄዳለን።»

አጎቴን አውቃቸዋለሁ። በዚያ በር ላይ አባቴ ተዋርዶ ቢመለስ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ የሚሄድ አይመስለኝም። ይቅር፣ እኔ ቀስ ብዬ ልንገራቸው ብል አልሰማኝም። ቅዳሜን የሚያክል ገበያ ትቼ ሱቁን ዘጋሁ። መኪናው ውስጥ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መንገዱ ተዘጋግቶ በኤሊ እርምጃ ስንሄድ የሽማግሌው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ እያጠኑ ነበር።

አባቴ ሰለሞን ከመኪናው እንዳይወርድ ነገረው። አስተርጓሚ የለም። በሩን ያንኳኳው ራሱ ነው።

አጎቴ ገመዳ ራሳቸው ከፈቱ። ጎብጠዋል፤ ዓይናቸው ግን እሳት ነው። አባቴን ሲያዩ ልቅሶ ያለ መስሏቸው ማን ሞተ ብለው ጠየቁ። ከዚያ ሽማግሌውን አዩ።

«ቲቸሩ ነው» አለ አባቴ።

በሩ ወዲያው መዘጋት ጀመረ። አባቴ በእጁ ደገፈው። «ገመዳ፣ አንድ ጊዜ ስማው። ከዚያ ትዘጋዋለህ።» አባቴ አጎቴን አንድ ነገር ሲለምን ያየሁት ያኔ ነው።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ያዙ። ያ የአዳራሽ ድምፅ የለም።

«አባት ገመዳ» አሉ። «እኔ ያን ቀን ‹ነገዎ የቀበረ ገበሬ ነው› አልሁ። ጉድጓድ አላልሁም። እህል አላልሁም። የቀበረ… ትልቅ ሰው። ሰው የሚወደው ሰው። የቀበረ።»

አጎቴ ቅንድባቸው ተሰበሰበ። «ድገመው» አሉ።

ደገሙት።

«ድምፁ እሱ ነው» አሉ አጎቴ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን እያለ ነው ይህ ሰው?»

«የከበረ ማለታቸው ነው አባባ» አልኳቸው። «‹ከ› ማለት አይሆንላቸውም። ዛሬ በራችን ላይ አባዬን ቅቡር ብለው ነው ሰላም ያሉት። ከበሮን ቀበሮ ይላሉ።»

አጎቴ አልሳቁም። የጠየቁት፣ እኔም አባቴም ያላሰብነውን ነው።

«አባቴ አፍ ነበረው» አሉ። «አማርኛም ካንተ የተሻለ ያውቅ ነበር። ለምን እሱ አልተናገረም?»

ሽማግሌው ጥያቄው ገባቸው። ለመልሱ የጠፋባቸው አማርኛው ብቻ አልነበረም።

«ተጣደፍሁ» አሉ። «መናገር… ወደድሁ።»

«ከዚያስ? ምን ሆኑ ብለህ ጠየቅህ?»

«አልጠየቅሁም።»

አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተን ይቅር የሚልህ ነገዎ ነበር። እሱ የለም። እኔ የምሰጥህ የለኝም» አሉ። ከዚያ አባቴን አዩት። በሩን ዘጉት፤ ግን ቀስ ብለው ነው የዘጉት።

አባቴ የተዘጋውን በር እያየ ትንሽ ቆመ። ከዚያ «ሰማ» አለ።

ሽማግሌው ሱቄ በር ላይ ሲሰናበቱኝ የፎቶውን ነገር አላነሱብኝም። ስለ አያትሽ የጻፍኩትን ምዕራፍ ከመጽሐፉ አወጣዋለሁ አሉኝ። አያውጡት፣ እስከ መጨረሻው ይንገሩት አልኳቸው። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይንገሩት አይንገሩት አላውቅም። መጽሐፉ ወጥቶ እንደሆነ አልፎ አልፎ ስልኬ ላይ እፈልጋለሁ፤ እስካሁን አላገኘሁም። ያ ቪዲዮ ግን አሁንም አለ። ሰዉ አሁንም ያጨበጭባል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ መጠርጠር ተውኩ ብላችሁ አትጠብቁኝ። አልተውኩም፤ ሰፈሬም አያስተወኝም። የተለወጠው ሌላ ነው። ድሮ ክፉ ቃል ስሰማ ሰውዬውን እመዝን ነበር፤ አሁን መጀመሪያ ቃሉን አስደግማለሁ። «ምን አልክ? እስቲ ድገምልኝ» እላለሁ። ደንበኞቼ ጆሮዋ ደከመ ብለው ያሙኛል። ይሁን። እነዚያ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ሰው «ድገመው» የሚል አጥተው ነው ዕድሜያቸውን በተዘጋ በር ግራና ቀኝ የጨረሱት። ደግሞ የሰፈሩ ሰው ለስብሰባ ተናገሪልን ሲለኝ፣ ድሮ ደስ ብሎኝ እነሳ ነበር። አሁን ባለጉዳዩ ራሱ መናገር ይችል እንደሆነ ጠይቄ ነው የምነሳው። ስመለስም ምን እንደደረሰ ሄጄ እጠይቃለሁ።

ሽማግሌው ከሄዱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አጎቴ ገመዳ ሱቄ ገቡ። ብቻቸውን ናቸው። ቀለሙን አዩ፣ ሚስማሩን ነካ ነካ አደረጉ፣ የማይገዙትን ዕቃ ዋጋ ጠየቁኝ። እኔም ምን ፈልገው ነው ብዬ እንደ ልማዴ ተጠራጠርኩ። ከዚያ ሳይጠይቁኝ በጓሮው በር ወደ ግቢ አለፉ።

ተከትዬ ሄድኩ። አባቴ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነበር። አጎቴ ጎኑ ተቀመጡ። ለብዙ ጊዜ ላሞቹን አዩ።

«ጫልቱ፣ ውሃ ስጪኝ» አሉ።

በብርጭቆ አመጣሁላቸው። አንዴ ሳያቋርጡ ጠጥተው ጨረሱት። አባቴ አያያቸውም፤ ጉልበቱን በእጁ ይዞ ፊት ለፊቱን ያያል፣ ዕንባው ግን ይወርዳል። አጎቴ ባዶውን ብርጭቆ ወደ እኔ ዘረጉ።

«ድገሚኝ» አሉ።